የዌንደል ቀኝ እጅ

…ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀመራት፣ አውራ ጣቱ ናት፣ ሁልጊዜ ከእሷ ነው የሚነሳው፣ ከዚያ ወደ አመልካች ጣት፣ ከዚያ መላው ቀኝ እጅ፣ ዌንደልም የሌላ ሰው እጅ ይመስል ቁጭ ብሎ ያየዋል። ካርታዎቹን ወደ ግራ ያዛውር ይሆን? አያዛውርም። ይንቀጥቀጥ። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሠላሳ አንዱን በፖከር፣ በካርታ ቁማር ብቻ ነው የኖረው፣ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ አሁንም ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ከቱሪስቱ ግርግር ራቅ ባለች፣ ጡረተኞች ቁርሳቸውን በልተው በሚመጡባት ቁማር ቤት፣ ረፋዱ ላይ፣ የለመዳት ወንበሩ ላይ ነው።

እጁ ተንቀጠቀጠ! ይላል ቡች፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ የራሱን ካርታ እንደሚያቃጥል ነገር ወርውሮ፣ ካርታችሁን ጥላችሁ ሽሹ ጎበዝ፣ ሰውዬው ይዟል፣ እኔ የለሁበትም። ሰዉ ይስቃል። አዎ፣ ይህን ማን የማያውቅ አለ፣ ባዶ ካርታ ይዞ የሚያስፈራራ ሰው እጁ ድርቅ ነው የሚለው፣ የሚንቀጠቀጠው ትልቅ ካርታ የደረሰው ነው፣ ደስታውን ፊቱ ላይ ሲደብቀው በጣቱ ይወጣል፣ ዌንደል ራሱ ስንቱን ጀማሪ አስተምሮታል። አሁን ያው ትምህርት እያበላው ነው። አራት ወር ሙሉ። በባዶው ገንዘቡን ይገፋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይሸሹለታል። በዕድሜው እንዲህ አሸንፎ አያውቅም። ያስቃል እኮ፣ እሱ ግን አልሳቀም።

አባቱ ተልሳ ከተማ ሥጋ ቤት ነበራቸው፣ የእሳቸውም ከአውራ ጣት ነው የጀመረው፣ ብርድ ነው አሉ፣ ብርድ ነው ሲሉ ክረምቱ አለቀ፣ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቢላዋውን አስቀመጡ፣ ሽርጣቸውን አጣጠፉ፣ አበቃ፣ ደግመው አላነሱትም። ዌንደልም ለዚህ እጁ ክሊኒኩ ሦስቴ ቀጠሮ ሰጥቶት ሦስቴም ቀርቷል። አራተኛው ነገ ነው። ብቻዎን አይምጡ፣ አለችው ስልክ ላይ ያለችው ልጅ፣ ለምርመራው የሚሰጥዎት መድኃኒት ያደክማል፣ ይዞዎት የሚመለስ ሰው ስም ይንገሩኝና ልመዝግብ። ስም። ቀላል ጥያቄ እኮ ነው። ቆይ ልደውልልሽ አላት፣ ይኸው ሳምንቱ፣ አልደወለም።

ካርታ አዳይዋ ሊን የመጨረሻውን ካርታ ትገልጣለች፣ ጥቁር አስር፣ ለማንም የማይረባ። ከእሱ በፊት ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም የተገለጡት አራቱ ግን ሁሉም ቀይ ልብ ናቸው፣ የልቡን አስ የያዘ ካለ ጨዋታው የሱ ነው፣ የሚበልጠው ካርታ የለም። ዌንደል በእጁ አንድም ልብ የለውም። ጥቁር ሦስትና ጥቁር ሰባት። ቆሻሻ። ያልሸሸችው ቬርና ብቻ ናት።

ቬርና። ኧረ ቬርናን ተዋት። ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ሚስቱ ከነበረችው ጋር እንኳ ያን ያህል አልተቀመጠም፣ አንድ ሕግ አላቸው፣ ማንም ሳያወጣው የጸደቀ፣ ከጠረጴዛው ስንነሳ ምሳ እጋብዝሃለሁ፣ እዚህ ግን አልምርህም። ባሏን በቀበረች በሳምንቱ መጣች፣ ዓይኗ ገና እንዳበጠ፣ ሌሎቹ አዝነው ጥሩ ጥሩ ካርታ እየጣሉ ሲሸሹላት ዋሉ፣ ዌንደል ግን በገንዘብ ምትክ የያዘችውን ጠጠር አንድ ሳያስቀር ጠራረገው፣ አንተ አረመኔ አለው ቡች፣ ሰው ሁሉ ፊት ነሳው። እሷ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትላው መጣች፣ አመሰግናለሁ አለችው፣ ዛሬ እንደ ድሮዬ ያየኸኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ካዘንክልኝ ግን ከዚያ ወዲያ አብረን አንቀመጥም።

ታዲያ አሁን ምን ያድርግ፣ ጥሎ ይውጣ? የለም፣ ቀኝ እጁ ጠጠሩን በሙሉ ይገፋዋል፣ ክምሩ መንገድ ላይ ይናዳል፣ አንዷ ጠጠር ተንከባልላ ቬርና ክንድ ሥር ትቆማለች። እግዜር ይሁንሽ ቬርና፣ ይላል ቡች፣ እንዲህ ሲያንቀጠቅጠው አይቼ አላውቅም።

እሷ እጁን አታየውም። የምታየው የቡና ኩባያውን ነው፣ እስከ ግማሽ ብቻ የተቀዳውን፣ ድሮ ጢም አድርጎ ነበር የሚያስቀዳው፣ ከዚያ ሸሚዙን፣ አንድ ቁልፍ ተዘሎ የተቆለፈውን፣ ከዚያ ግራ እጁን። ግራ እጁ ጸጥ ብሏል። ወይኔ። ደስታ ሁለቱንም እጅ ነው የሚያንቀጠቅጠው፣ የልጆች ነገር፣ ይህን እንዴት ሳያስብ ቀረ፣ አራት ወር ሙሉ፣ እሱ፣ አስተማሪው። ሕመም መሆኑን ነቄ ብላለች።

እሺ ጨርሺኝ፣ ይላል በሆዱ፣ አትማሪኝ፣ እውነቱን ነው፣ ከልቡ ነው የሚለምናት፣ ብትበላው ቁማርተኛ ነው፣ ተበላ፣ ነገም ይመጣል፣ ሁሉም እንዳለ አለ።

ቬርና ሁለቱን ካርታዎቿን ወደ ሊን ትወረውራለች። ሸሸች። አንደኛዋ ግን የተናደውን ጠጠር ገጭታ ትገለበጣለች።

የልብ አስ።

አንቺ ሴትዮ አበድሽ እንዴ! ቡች ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው፣ አስ እኮ ነው፣ ልብ እኮ ነው! ልብ ያልሆነው ሌላኛው ቀይ መስሎኝ፣ ትላለች ቬርና፣ መነጽሬን ቤት ረስቼ፣ እርጅና ነው ቡች፣ ምን ታደርገዋለህ። መነጽሯ ጸጉሯ ላይ ተሰክቷል።

ሊን ጠጠሩን ሁሉ ወደ ዌንደል ትገፋለታለች። ማረችው። የሚናደድ መስሎት ነበር፣ ጠበቀ፣ ንዴቱ አልመጣም። አባቱም ጋ እንዲህ ሆኖ ይሆናል፣ አንድ የድሮ ደንበኛ ጠማማውን የሥጋ ቁራጭ አይቶ፣ ግድ የለም ጋሼ፣ ጥሩ ነው፣ ብሎ ተቀብሏቸው ይሆናል፣ ሽርጡን ያን ጊዜ ነው ያጣጠፉት።

ሊን፣ ወንበሬን ለሌላ ሰው ስጪው፣ ይላል። ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይተወዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይዩት። ቬርና፣ ነገ ጠዋት ጉዳይ አለሽ?

ስንት ሰዓት ልምጣልህ? ትላለች።

የት ነው አላለችም። ዌንደል ይነሳል፣ በግራ እጁ ስልኩን ያወጣል፣ ክሊኒኩ ጋ ይደውላል፣ ልጅቷ ታነሳለች፣ አዎ እኔ ነኝ፣ ስሙን አገኘሁት፣ ጻፊ፣ ቬርና ኦልስቴድ።