የቆርቆሮ ባንድ ምርጥ ዘፈኖች

"አጥፊው! አጥፊው አልኩሽ እኮ!"

ሰምሃል አላጠፋችውም። ድምፁን ብቻ ቀንሳ ወንበሯን ወደ ኢብሳ አዞረች። ከማጉያው የሚወጣው ኪቦርድ ዝቅ ብሎም ያው ኪቦርድ ነበር። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ በየሰርጉ የሚከፈተው፣ ታክሲ ውስጥም ልብስ ስፌት ቤትም ሁሉም የሚያንጎራጉረው፣ የማን እንደሆነ ግን ማንም የማያውቀው "ሙሽራዋ ወረደች" ነው።

"ጋሼ ኢብሳ፣ ዛሬ ከሰዓት ካላስረከብኩ ማባዣ ቤቱ ተራዬን ለሌላ ይሰጥብኛል። ከበዓል በፊት ካልወጣ ደግሞ በቃ፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ይግባ ወይስ አይግባ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ። ከገባ ሌላ አንድ ዘፈን ማውጣት አለብኝ፤ ሲዲው ሞልቷል።"

"አይግባ።"

"አባቴ ይግባ ብሏል።"

"እንግዲያው ሲዲው ይቅር።"

ሰምሃል እንዲህ ዓይነቱን ነገር የምትታገስ ልጅ አይደለችም። የመብርሃቶም ልጅ ናት፤ መብርሃቶም የቆርቆሮ ባንድ ዘፋኝና ቤዝ ተጫዋች ነበር፤ ኢብሳ ደግሞ ጊታሪስቱ። ከበሮ መቺው ደጋጋ ካረፈ ወዲህ ከባንዱ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። የሁለቱ ፈቃድ ካልተገኘ ሲዲው አይወጣም። ሁለቱ ደግሞ ባንዱ ከፈረሰ ወዲህ ከለቅሶ ሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። የደጋጋ ቀብር ዕለት እንኳን አንዱ በድንኳኑ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ነው የተቀመጡት።

ሥራውን ያስጀመራት ናፍቆት አልነበረም። እሁድ እሁድ ምሳ ላይ አባቷ "እኛ እኮ ያኔ..." ብሎ ሲጀምር መስማት ሰልችቷት ነው። የድምፅ ኢንጂነሪንግ ተምራለች፣ የጓደኛዋ ስቱዲዮ ካዛንቺስ አለ። "በአንድ ሲዲ ሰብስቤ ልገላገል" አለች። ዋናዎቹ ቅጂዎች ዘፈኖቹን ያወጣው ሙዚቃ ቤት ሲዘጋ ስለጠፉ፣ ካሴቶቹን የለመነችው በጊዜው ከገዟቸው ሰዎች ነው። የገዟቸው ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ግን አልጣሏቸውም። አንዷ ሴት የሰጠቻት ካሴት መጨረሻ ላይ የሕፃን ልደት ተቀድቶበታል፤ ሻማ ሲጠፋ ይሰማል። ሌላው ሰውዬ ካሴቱን ከእጁ ከማውጣቱ በፊት በራፉ ላይ ቆሞ ግጥሙን ሙሉውን በቃሉ ተወጣላት፤ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው፣ ሰዓቷን እያየች።

የባንዱን ስም ያወጣው ጣሪያ ነው። የሚለማመዱት እዚያው ካዛንቺስ፣ የደጋጋ እናት ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ሁሉንም ይውጣቸዋል። ያኔ መሣሪያቸውን አስቀምጠው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ቆሎ እየቆረጠሙ ይጠብቁታል። አብዛኞቹን ግጥሞች መብርሃቶም የጻፈው በዚያ ጥበቃ ላይ ነው፤ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ጽሕፈት መሣሪያ ሻጯ ልጅ፣ ደመወዝ ሳይወጣ ስለሚጀመር ፍቅር። በኋላ ኪቦርድ መጣ። ሆቴሎቹም አንድ በአንድ አሰናበቷቸው። አንዱ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ምክንያቱን አልደበቀም፤ "ኪቦርድ እራት አይበላም" አላቸው።

የመጀመሪያው ካሴት አልተሸጠም። በሁለተኛው ላይ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ቁርጡን ነገራቸው፤ የሰርግ ዘፈን የሌለበት ካሴት አያወጣም። ዘፈኑም በኪቦርድ፣ ምቱም በማሽን ነው የሚሠራው። መብርሃቶም እሺ አለ። ደጋጋ የከበሮ ዘንጎቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከስቱዲዮው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ኢብሳ ያንን አየ፣ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ፣ ሄደ። በዚያው ቀረ። አሁን ላንቻ አምፖልና ሶኬት ይሸጣል። ሰርግ ይጠራል፣ ይሄዳል፤ ያ ዘፈን ሲከፈት ግን ይወጣል። ዘመድ ሁሉ ለምዶታል፤ "ኢብሳስ?" ሲባል "ሙሽራዋ ስለወረደች አጥር ጥግ ይሆናል" ይባላል።

"እሺ፣ ካልገባም አይግባ" አለች ሰምሃል። "አንድ ቦታ ላይ ግን ስህተት አለ። አባቴ ሐሳብዎን ቢያስቀይርዎት ተሰናድቶ ይጠብቀኝ። እዚህ ላይ ማሽኑ ይቆምና ጭብጨባ ብቻ ይቀራል። አንዱ ሰው ከሌሎቹ ይቀድማል። አስተካክዬ ልደርድረው ወይስ ጭራሽ ልቁረጠው? ጆሮ አለዎት ይላሉ፤ ይስሙልኝ።"

"አልሰማም።"

"ዘፈኑን አይደለም እኮ ያልኩት። ጭብጨባውን ነው።"

መልሱን ሳትጠብቅ ከፈተችው። ሴቶች ያጨበጭባሉ፣ አንዷ እልል ትላለች። ከመካከላቸው አንድ ወፈር ያለ እጅ አለ፤ ከሁሉም በቅንጣት ሰከንድ ይቀድማል፣ ሁሌም በዚያችው ቅንጣት።

ኢብሳ ከተደገፈበት ግድግዳ ተነሳ።

"ድገሚው።"

ደገመችው።

"እ? ልቁረጠው?"

"እጅሽን አንሺ ከዚያ!"

ሰምሃል እጇን አነሳች። የጮኸባት ሰውዬ ማጉያውን ትክ ብሎ እያየ ነበር። ደጋጋ ምት ይቀድም ነበር። ስንቴ ሰድበውታል፤ "ያንተ ታክሲ ሳይሞላ ይነሳል" እያሉ ስንቴ ስቀውበታል። ኢብሳ ጊታሩን በዚያች ቅንጣት ላይ መጫወት ለምዶ፣ በኋላ ከሌላ ከበሮ መቺ ጋር ሲሞክር እጁ አልታዘዝ ብሎት ነበር።

"አባትሽ የት ነው?"

"ማዶ፣ መኪና ውስጥ። እርስዎ እዚህ እያሉ አልገባም ብሎ።"

"ይምጣ በይው።"

"ጋሼ፣ ማለቴ... እኔ የሁለት ሽማግሌ መልእክተኛ ሆኜ ሰልችቶኛል። ራስዎ ይሂዱ። እኔ ሥራ አለብኝ።"

ወጣ። መብርሃቶም አሮጌ ኮሮላውን ያቆመው አንድ ትልቅ ሕንጻ ሊሠራበት ከተቆፈረ ጉድጓድ አጠገብ ነው። የደጋጋ እናት ቤት ከዚህ አጥር ወዲያ የሆነ ቦታ ነበር። አሁን "እዚህ ጋ" ብሎ በጣቱ ማሳየት የሚችል ሰው የለም፤ መንገዱም ቦታውን ቀይሯል።

ኢብሳ የመኪናውን እጀታ ሳበ። እምቢ አለው።

"ከውጭ አይከፈትም፣ ቆይ" አለ መብርሃቶም፤ ተንጠራርቶ ከውስጥ ከፈተለት። ኢብሳ ገብቶ ተቀመጠ።

"ደጋጋ አጨብጭቧል እንዴ?" አለ ኢብሳ።

መብርሃቶም ዞሮ አየው።

"ሰማኸው?"

"አሁን።"

"ገና አሁን?" መሳቅ ጀምሮ ተወው። "አንተ ሰውዬ፣ የሥራህን ይስጥህ። አንተ ጥለኸን እንደሄድክ ሴቶች መጥተው ማጨብጨብ ጀመሩ። ደጋጋ ከደረጃው ተነስቶ ገባ። 'የከለከላችሁኝ ከበሮዬን ነው፤ እጄ የራሴ ነው' ብሎ መሃላቸው ቆመ። ድምፅ ቀራጩ 'ትቀድማለህ' እያለ ሁለቴ አስቁሞታል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ተወው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አስምሎኝ! 'እንዳትነግረው፤ ኢብሳ ጆሮ አለው፣ አንዱ ሰርግ ላይ ራሱ ይሰማውና እየሳቀ ይመጣል' ብሎ። በየሰርጉ ይጠብቅህ ነበር። ዘፈኑ ሲከፈት ዓይኑ ሰው መሃል አንተን ይፈልጋል። አንተ አጥር ጥግ ነህ።" መብርሃቶም መሪውን በጣቱ አሸት አሸት አደረገ። "ታሞ ተኝቶ ልጠይቀው ስሄድ እንኳን ያለኝ እሱን ነው። 'ሰማው?' አለኝ። 'ገና ነው' አልኩት።"

በጎናቸው አንድ የታክሲ ረዳት ሰውነቱን ግማሽ በመስኮት አውጥቶ እየጮኸ አለፈ።

"ከሞተ በኋላስ?" አለ ኢብሳ። "መሐላው ያኔም አልፈታህም?"

"ከሞተ በኋላ አኮረፍኩህ" አለ መብርሃቶም። "ያኔ አንተ ብቻ አኩራፊ የሆንክ መሰለህ?"

የመብርሃቶም ስልክ ጮኸ። ሰምሃል ናት። አባቷ ስልኩን ሳያነሳ ለኢብሳ አቀበለው።

"አባዬ፣ ታረቃችሁ ተጣላችሁ? እኔ ልሄድ ነው፤ ማባዣ ቤቱ..."

"እኔ ነኝ" አለ ኢብሳ። "ዘፈኑ ይግባ። እንዳለ። ምንም እንዳታስተካክዪ።"

"ተመስገን! እሺ፣ በምን ቦታ? የትኛውን ላውጣ?"

"'ፖስታ ቤት'ን በላት" አለ መብርሃቶም ከጎን። "እሷን የጻፍኳት እኔ ራሴ አልወዳትም።"

ኢብሳ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

"'ሰንጋ ተራ ላይ ጠብቂኝ'ን አውጪያት።"

መብርሃቶም "ኧረ ባክህ!" አለ። በዚያ ዘፈን መሃል መብርሃቶም ዝም ይልና የኢብሳ ጊታር ብቻውን ይቀራል። ሰምሃል የሰበሰበቻቸው ካሴቶች ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ተልጠዋል፤ ሰው ወደ ኋላ እየመለሰ ስለሰማት።

"ጋሼ ኢብሳ፣ እሷማ የእርስዎ ናት" አለች ሰምሃል፤ ድምጿ እንደ ቅድሙ አልቸኮለም። "ይሄን ሲዲ የሚገዛ ሰው ካለ እኮ ለእሷ ብሎ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ ኢብሳ። "እሷን ጠግቤ ሰምቻታለሁ።"