ጀርባው ቁልፍ ያለው ሳጥን

ኑ፣ ቀረብ በሉ። ያቺን ምንጣፍ ወደ ጥላው ሳብ አድርጓትና ተቀመጡ፤ ውኃም እዚያው አጠገባችሁ አለ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ጨርቅ ሻጩ ስለ ከይረዲን ነው።

ከይረዲን ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በጎረምሳነቱ ጅቡቲ ወርዶ፣ ካርትዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ሲለካና ሲቆርጥ ያረጀ ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አምስት ሜትር ቢቆርጥላችሁ አንዲት ጣት አያጎድልም። ከጨርቁ ሌላ የሚወደው ሁለት ነገር ነበር፤ ሚስቱን ሙሚናንና ጊታሩን። ችግሩ ሁለቱም የሚኖሩት አንድ ቤት ውስጥ መሆኑ ነው።

ይቺን ከተማ ታውቋታላችሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ሲደርስ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ እስከ አስር ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ ከፍየልና ከፀሐይ በቀር የሚታይ የለም። ከይረዲን ጫት አይቅምም። ሌላው ሲቅም እሱ ጊታሩን ያነሳል። ሙሚና ደግሞ ከንጋት ጀምራ ስትባትል ቆይታ ጎኗን የምታሳርፈው በዚያችው ሰዓት ነው።

የሚጫወተው አንድ ዜማ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ሽማግሌዎች ሙሚናን ሊለምኑለት እቤቷ በገቡ ቀን፣ እሱ ውጭ ከዛፉ ሥር ቆሞ የተጫወተው ዜማ። ያን ቀን ሙሚና መስኮቱን ከፍታ ሳቀች። ከይረዲን ያቺን ሳቅ አንዴ እንደገና ለማየት ሠላሳ አምስት ዓመት ያንኑ ዜማ ተጫወተ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሙሚና ዞር ብላም አታየውም። ጀርባዋን ሰጥታ ትተኛለች። "ሙሚና፣ ሰማሽ?" ይላል፤ ዝም። "ሙሚና!" ይላል፤ ዝም። ከይረዲን አዘነ፤ ጆሮዋን ታማለች ብሎ ደመደመ። ሐኪም አልጠየቀም፤ እሷንም አልጠየቀም። ሚስትን "ጆሮሽ እንዴት ነው?" ማለት "አርጅተሻል" ማለት ሆኖ ታየው። ጠዋት ጠዋት ሲያወራት ደህና አድርጋ ትመልስለታለች፤ እሱ ግን "ምስኪን፣ ከንፈሬን እያየች ነው" እያለ በሆዱ ያለቅስላታል።

ሐሩሩ ሲብስ ሙሚና በየዓመቱ ሐረር፣ እህቷ ዙለይካ ዘንድ ወጥታ ነፋሻ አየር አግኝታ ትመለሳለች። በየዓመቱ የምትይዘው ትንሽ ቦርሳ ነው። ዘንድሮ ግን ትልቁን ሻንጣ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። የሠርጓን ቀሚስ ከተተች። ሻሾቿን ሁሉ ከተተች። ሹራቧን ሳይቀር ከተተች።

"መቼ ትመለሻለሽ?" አላት ከይረዲን፣ ከንፈሩን በደንብ እየከፈተ።

"እስቲ እናያለን" አለችው።

እስከ ድሬዳዋ የሚወስዳት ባቡር ቅዳሜ ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። ከይረዲን ያን "እስቲ እናያለን" ሰምቶ ሱቁ ገብቶ ተቀመጠና ለአንዲት ደንበኛ አራት ሜትር የነበረውን አምስት ሜትር ቆረጠላት። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ቅዳሜ ሳይደርስ ሙሚና ያን ዜማ ካልሰማች ተመልሳ እንደማትመጣ ልቡ ነገረው።

እንግዲህ ስለ ማሽኑ ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሄሮን ሰፈር ይኖር የነበረ አንድ ፈረንሳዊ ወታደር አገሩ ሊገባ ሲል ዕቃውን ይሸጥ ነበር። የጊታር አምፕሊፋየሩ ሁለት ክፍል ነው፤ ላይኛውን ጭንቅላት ይሉታል፣ ታችኛው ስፒከሮቹ ያሉበት ሳጥን ነው። ከይረዲን ጭንቅላቱን ብቻ ገዛ። መብራቱም መዘውሩም ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ታችኛው ተራ እንጨት መሰለው። ቤቱ ሲደርስ ድምፅ አልወጣ ሲለው፣ ከአሮጌ ሚኒባስ የተፈታች አንዲት ስፒከር ገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ያ የከዚራ ዜማ ቆርቆሮ ላይ የሚጎተት ሰንሰለት ይመስል ነበር። ለከይረዲን ግን ዜማው በልቡ ስላለ፣ የሚሰማው የልቡን ነበር።

ሰኞ ዕለት አርሂባ ሰፈር ወረደ። እዚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ፍራኦል የሚባል ጎልማሳ አለ። ፍራኦል ማሽኑን ከፍቶ አየው፤ ውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩትን ብርጭቆዎች በጨርቅ ጠረገ።

"ጋሽ ከይረዲን፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ያጣው አቻውን ነው" አለ።

"አቻ ማለት?"

"እዚህ ከኋላው ሦስት መሰኪያ አለ፤ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት ይላል። ኦም ይባላል። ስፒከር ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታው ነው የሚናገረው። ስፒከሩ ስንት እንደሆነ አይቶ እዚያው ቁጥር ላይ መሰካት ነው።"

"ታዲያ አሥራ ስድስቱን ስጠኛ! ትልቁን!"

"ቁጥሩ ስለተለቀ ድምፁ አይተልቅም፣ ጋሼ።"

"ልጄ፣ ትልቅ ምንጊዜም ትልቅ ነው።"

ፍራኦል ከመደርደሪያው ሁለት ደህና የጊታር ስፒከሮች አወረደ። "እያንዳንዳቸው ስምንት ናቸው። ጎን ለጎን ካሰርናቸው ለማሽኑ አራት ይሆኑበታል። በተርታ፣ አንዱን ከሌላው አስከትለን ካሰርናቸው ግን አሥራ ስድስት።"

ከይረዲን ሳቀ። ሲያታልሉት የነቃ ነጋዴ ሳቅ ነው የሳቀው። "ስምንትና ስምንት አራት የሚሆንበት ገበያ የት ነው? አሳየኝና ነገ ሱቄን እዚያ ልክፈት።"

"እንዴት መሰለዎት፣ ሁለት በር ጎን ለጎን ሲከፈት ሰው ቶሎ ያልፋል፤ የሚገታው ነገር ይቀንሳል።"

"ስለ በር አልጠየቅኩህም። ስምንት ሜትር ጨርቅ ከስምንት ሜትር ጨርቅ ጎን ባነጥፍልህ አራት ሜትር ይሆናል?"

"ጨርቅ አይደለም እኮ፣ ጋሼ!"

"ሁሉም ጨርቅ ነው" አለ ከይረዲን፤ ሁለቱን ስፒከሮች በብብቱ ይዞ ወጣ።

ማክሰኞ ሰባት ተኩል ላይ ሽቦዎቹን ራሱ አሰረ። እንደ ጣቃ ጨርቅ አስተካክሎ፣ ጎን ለጎን፣ ዓይን የሚማርክ አድርጎ አሰራቸው። ከዚያ ስምንትን ከስምንት ደመረና አሥራ ስድስቱ ላይ ሰካው። ስፒከሮቹን ሁለት በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ መዘውሩን እስከ መጨረሻው አዞረው።

ጎረቤቱ ሙሐዲን ከግድግዳው ወዲያ ጮኸ፦ "ከይረዲን! ምን እያረድክ ነው?"

"ዜማ ነው!"

"ታዲያ ቶሎ ጨርሰውና ይገላገል!"

ከይረዲን ዓይኑ ሙሚና ጀርባ ላይ ነበር። ጀርባዋ አልተነቃነቀም። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ፤ እሷ ብቻ አልሰማችም። ማሽኑ እንደ ምጣድ እየጋለ፣ ብርጭቆዎቹ እየቀሉ መሄዳቸውን አላየም። የተቃጠለ ነገር ሽታ ሲመጣ፣ ከልቡ የመጣ መሰለው። ከዚያ "ጧ!" አለና መብራቱ ጠፋ። ያኔም ሙሚና አልዞረችም።

ረቡዕ ጠዋት ጭንቅላቱን እንደታመመ ልጅ አቅፎ፣ ስፒከሮቹን በከረጢት አንጠልጥሎ አርሂባ ተመለሰ።

"የተቃጠለው ፊውዙ ብቻ ነው" አለ ፍራኦል። "አራት የሆነውን አሥራ ስድስቱ ላይ ሰክተውት ነው፤ ፊውዙ ባይቀድም ኖሮ ሌላውም አብሮ ይሄድ ነበር። ለመሆኑ ማንን ለማሰማት ነው ይኼ ሁሉ?"

ከይረዲን ነገረው። ስለ ከዚራው መስኮት ነገረው፤ ስለ ጆሮዋ፣ ስለ ትልቁ ሻንጣ። "አንዴ ብቻ ትስማኝ። ከዚያ መሄዷንም እችለዋለሁ" አለ።

ፍራኦል ስለ ኦም መከራከሩን ተወ፤ ፊውዙን ቀየረለት፣ ስፒከሮቹን ግን እሱ ዘንድ አቆያቸው። "ሳጥን ያስፈልገዋል፣ ጋሼ። ራቁቱን የተቀመጠ ስፒከር ከፊት ያወጣውን ከኋላው መልሶ ይበላዋል። ሳጥኑ ጀርባው ክፍት ከሆነ ድምፁ ቤቱን ይሞላል፤ ዝግ ከሆነ ይጠጥርና ይወፍራል።"

"የቱ ይሻላል?"

"እንደ ሰሚው ነው።"

ከይረዲን ሁለቱንም ፈለገ። እዚያው ሰፈር አናጢው ሙሰዲቅ ዘንድ ሄዶ፣ ፊቱ ላይ ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው፣ ጀርባው የሚከፈትና የሚዘጋ ሳጥን አዘዘ። ሙሰዲቅ ዕድሜ ልኩን የሙሽራ ቁም ሳጥን የሠራ ሰው ነው።

"ቁልፍ ይኑረው?" አለ ሙሰዲቅ።

"ይኑረው።"

"መስተዋትስ?"

"ሙሰዲቅ!"

"መጠየቅ ነውር ነው እንዴ?"

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሳጥኑ በጋሪ መጣ። ፍራኦል የሰጠው ልክ ለሙሰዲቅ አንሶበት ኖሯል፤ ቁመቱ ደረት ይደርሳል። እንጨቱ እንዳይጎብጥ ብሎ መሃሉ ላይ መደርደሪያ ጨምሮበታል። ከኋላው ሁለት በሮች፣ ነሐስ መያዣ፣ ትንሽ ቁልፍ። ሙሚና ገበያ ነበረች። ከይረዲን ነፋሱ በቀዳዳዎቹ አቧራ እንዳያስገባ፣ የሳጥኑን ፊት ወደ ግድግዳው አዞረውና ፍራኦልን ሊያመጣ ወጣ።

ሁለቱ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ስፒከር ደረታቸው ላይ አቅፈው ሲመለሱ ሰባት ሰዓት እየተቃረበ ነበር። ከይረዲን በሩን ከፈተና ቆመ።

ትልቁ ሻንጣ አልጋው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ባዶውን ነው። የሳጥኑ በሮች ወለል ብለው ተከፍተዋል። መደርደሪያው ላይ የሠርጉ ቀሚስ፣ ከሥሩ ሻሾቹ፣ ታች ሹራቡ፣ ሁሉም ታጥፎ ተደርድሯል። ሙሚና ተንበርክካ የመጨረሻውን ነጠላ ታስገባለች። ዞር አለች። ፊቷ ላይ ያ የከዚራው ሳቅ ነበር።

"ከይሮ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን፣ ቁም ሳጥን ስልህ፣ ይኼ ሰውዬ ጆሮው ደነቆረ ብዬ ትቼው ነበር እኮ!"

ከይረዲን ስፒከሩን ይበልጥ ወደ ደረቱ አስጠጋው።

"ወላሂ፣ ዙለይካ ዘንድ ልቀር ነበር። ቢያንስ እሷ ልብስ የማስቀምጥበት አላት።" ተነስታ እንጨቱን ዳበሰችው። "እነዚያ ከግድግዳው በኩል ያሉት ክብ ቀዳዳዎችስ?"

"ለ… ለአየር" አለ ከይረዲን።

ፍራኦል አሳለው።

"ለሙቀቱ አስበህልኝ?" ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አያችሁት ነገሩን? ሻንጣው ባዶ ነው። ሚስትየው ስቃለች። የፈለገው ሁሉ ሆኖለታል፤ ዝም ቢል ያበቃ ነበር። ግን ሙሚና ደረቱ ላይ ያቀፈውን ስፒከር አየች። "ይኼስ?"

ሁለተኛ መዋሸት አቃተው። አፉን እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ ጮኸ፦ "ሳጥኑ! ለጊታሩ! ነበር!"

"ምን ያስጮህሃል? እሰማለሁ እኮ!"

"ትሰሚያለሽ?"

"ምነው አልሰማም?"

"ሰባት ሰዓት ላይ… ስጫወት… አንድም ቀን አትዞሪም!"

 ሙሚና ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ሁለት ድብልብል ጥጥ መዳፏ ላይ አወጣች። "ይኼ ማሽንህ ከገባ ወዲህ ሰባት ሰዓት ሲሆን ጆሮዬ ውስጥ እከታቸዋለሁ። አንተ መጫወት ትፈልጋለህ፣ እኔ መተኛት። ደስ ብሎህ ሳይህ እንዴት ተው ልበልህ?"

ከይረዲን አልጋው ጫፍ ላይ፣ ባዶው ሻንጣ አጠገብ ተቀመጠ። "እኔ እኮ ጆሮሽን…"

"ጆሮዬን ምን?"

"ምንም።"

ሙሚና ሳጥኑን አየች፣ ልብሷን አየች፤ የሠርጉን ቀሚስ ልታወጣ እጇን ዘረጋች። ያኔ ፍራኦል ስፒከሩን መሬት አስቀምጦ እንጨቱን በጣቱ አንኳኳ።

"እትዬ ሙሚና፣ አያውጡት። ባዶ ሳጥን ያንባርቃል። ድምፁ እንዲለዝብ ውስጡ ጨርቅና ጥጥ ይጎዘጎዝበታል። እኔም ዛሬ ጥጥ ልፈልግ ነበር።"

"ጥጥ?" አለች ሙሚና። ሁለቱን ድብልብሎች ዘረጋችለትና ሳቋን ለቀቀችው።

ሳጥኑን ከግድግዳው አላቅቀው ቤቱን እንደ መጋረጃ ከፍሎ እንዲቆም አደረጉት፤ ቀዳዳዎቹ በከይረዲን በኩል፣ በሮቹ በአልጋው በኩል። ፍራኦል ስፒከሮቹን ገጥሞ ሽቦውን ሲያስር ከይረዲን ከላዩ ላይ አልነቀል አለ።

"ጎን ለጎን ነው እንዴ?"

"በተርታ ነው። አሥራ ስድስት።"

"ስምንትና ስምንት፣ አሥራ ስድስት። አላልኩህም?"

ፍራኦል ሽቦውን ማጥበቁን ቀጠለ። የተማረ ሰው ነው።

ከይረዲን መዘውሩን ሩብ ብቻ አዞረና ተጫወተ። ድምፁ በቀሚሱና በሹራቡ ውስጥ አልፎ፣ ለስልሶ፣ እንደ ሰው ድምፅ ሞቅ ብሎ ወጣ። ሰንሰለቱም ቆርቆሮውም ጠፋ። ሙሐዲን እንኳ ከግድግዳው ወዲያ ምንም አላለም።

"አራተኛዋ ኖታ ላይ ትሳሳታለህ" አለች ሙሚና ከሳጥኑ ወዲያ።

"ምን?"

"አራተኛዋ ላይ ጣትህ ያመልጥሃል። ያን ጊዜም አምልጦህ ነበር። መስኮት ከፍቼ የሳቅኩት ለምን ይመስልሃል?"

ከይረዲን ጣቱን ከጊታሩ ክሮች ላይ አነሳ። ሠላሳ አምስት ዓመት ተጫውቶ፣ የሚያምር ነገር መስሎት ያንኑ ስሕተት ሲደጋግም ኖሯል። "ታዲያ ላርመው?" አለ በመጨረሻ።

"እንዳትነካው!"

ቅዳሜ ሙሚና ሐረር ሄደች። የያዘችው ግን ትንሿን ቦርሳ ነው። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ከይረዲን መቼ እንደምትመለስ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት ቀደመችው። "ሹራቤ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ሐረር ሲበርደኝ እመጣለሁ። እስከዚያ አንዲትም ልብስ እንዳታወጣ፤ ድምፁ ይበላሻል።"

እሱም አላወጣም። ይኸውና እስከ ዛሬ ሐሩሩ ሲመጣ ትሄዳለች፣ ብርዱ ሲነካት ትመለሳለች፤ ሹራብ ፍለጋ ጅቡቲ የምትወርድ ሴት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

እናንተም ልጆቼ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ነገር ጭር ባለበት ሰዓት በካርትዬ ሁለት ብታልፉ፣ አንድ የጊታር ዜማ ለስለስ ብሎ ይሰማችሁ ይሆናል። አራተኛዋ ኖታ ላይ ሲሰናከል አትፍረዱበት። ደግሞ ስትሄዱ አንድ ነገር ብቻ አደራ ልስጣችሁ፤ የምትወዱት ሰው አልሰማ ሲላችሁ፣ ድምፃችሁን ከማብዛታችሁ በፊት የሙሚናን ሁለት ድብልብል ጥጥ አስታውሱልኝ።