ፈፋውን ተሻግሮ የተሰማ ልቅሶ

በዐቢይ ጾም አምስተኛ ሳምንት የናዚብሮላ ወንድም ዳዳሽ ከፈፋው ማዶ ባለችው መንደር ዐረፈ። ነፋስና በረዶ አራት ቀን መንገድ ዘጋ፤ አስከሬኑ ከዚያ በላይ የሚቆይ ስላልሆነ ቀብሩ በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ ይሁን ተባለ። ናዚብሮላ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ከዳዳሽ በቀር ወንድምም እህትም አልነበራትም። የምትሻው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሬሳ ሣጥኑ ክዳን ሳይገጠም ፊቱን ማየት።

በእኛ በተራራማው አገር በስቫኔቲ ለቀስተኛ ተነጣጥሎ አይደርስም። ወንዶቹ ቃል የሌለውን ሙሾ፣ ዛሪን፣ በአንድነት እያዜሙ ነው ከሟቹ ደጅ የሚገቡት። ስለዚህ ማለዳ በረዶው ገና እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሳለ መነሣት ሲገባን፣ የላይኛው ሰፈር ሰዎች እስኪመጡ ቆየን። ይጠበቁ ያልሁት እኔ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያን አንባቢ በመሆኔ ቃሌን የሚያልፍ አልነበረም። ከፈፋው ስንደርስ ፀሐይ የላዩን ተረተር ይዛዋለች።

ማለፊያው ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ነው። ድምፅ የበረዶ ናዳ ያወርዳል ብለን እዚያ ስንደርስ አፋችንን እንዘጋለን፤ እርስ በርስም ተጠጋግተን እንሄዳለን። ይህን ሥርዓት ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት እኔው ነኝ።

አዳኙ ቢሙርዛ በትሩን በረዶው ላይ ተከለ። በትሩ ምንም ሳይገታው እስከ እጀታው ሰጠመ፤ ሲያወጣውም ውኃ ያንጠባጥብ ነበር።

«አናልፍም» አለ።

«ዝም ብለን እናልፋለን» አልሁት በሹክሹክታ።

«አባ ጆኪያ፣ ምን ያንሾካሽክዎታል? በረዶ ጆሮ የለውም። የሚያወርደው ፀሐይና የሰው ክብደት ነው። እርስዎ ደግሞ ሃያ ሰው አጣብቀው ሊጭኑበት ነው።»

«አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያልፉት።»

«አባቶቻችን በውርጭ፣ ጎሕ ሳይቀድ ነው ያለፉት። እናንተ ያዳናቸው ዝምታው መሰላችሁ።»

ናዚብሮላ ወደ ፊት መጣች። «እኔ ክብደት የለኝም። ብቻዬን ልለፍ።»

«እትዬ፣ በጥምቀት ምን ያህል እንደበሉ አይቻለሁ» አላት ቢሙርዛ። ሳቅ ዳዳት። እርሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ናዳው ከወሰደዎት ላወጣዎት እገባለሁ፤ እኔን ሊያወጣ ደግሞ ሌላው ይገባል። ዳዳሽን ባንከተለው ምን አለ?» አለ።

ምርኩዟን ተደግፋ ማዶውን ተመለከተች። «ነገ በውርጩ ተሻግሬ መቃብሩን አየዋለሁ» አለች። «ፊቱን ግን አላየውም።»

ማለዳ ይጠበቁ ያልሁት እኔ ነበርሁ። በጾሙ ስለ በደሌ ስሰግድ ከርሜ፣ ይህኛውን በደሌን ሳላየው ኖሬአለሁ።

«ቢሙርዛ፣ በረዶ ጆሮ የለውም ያልኸው እርግጥ ነው?»

«ሃያ ዓመት ከሥሩ ጠመንጃ ተኩሻለሁ። የእርስዎ ድምፅ መጥፎ ነው፤ ከጠመንጃ ግን አይብስም።»

ናዳ ወደማይደርስበት፣ ጥድ ወደበዛበት አለታማ ጉብታ ወጣን። እጆቼን በአፌ ዙሪያ አድርጌ፣ ሠላሳ ዓመት ድምፅ በከለከልሁበት ስፍራ ጮኽሁ፦ «ዳዳሽን ወደ አጥሩ አውጡት። ፊቱን ወደ እኛ መልሱት።»

የማዶ ሰዎች መጀመሪያ ደንግጠው ዝም በሉ እያሉ እጃቸውን አወዛወዙ። ደግሜ ጮኽሁ። ቆይተው ቃሬዛውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አመጡና በራስጌው በኩል ቀና አደረጉት። ለእኔ ዐይን ፊቱ ነጭ ነጥብ ነበር።

«ጢሙን አበጥረውታል» አለች ናዚብሮላ። «ዕድሜውን ሙሉ አበጥረው ስለው እንቢ እንዳለኝ።» ከዚያ በኋላ አለቀሰች።

ዛሪውን ጀመርን፤ ማዶዎቹም ተቀበሉን። ከሁለት ወገን ያለው ዜማ ከፈፋው በላይ ሲገናኝ ከበረዶው አንዲት ቅንጣት አልተነቃነቀችም።

ቀብሩ አልቆ፣ ያመጣነውን ሎቢያ በዳቦ ስንበላ፣ ተረተሩ ተሰነጠቀ። ናዳው ልናልፍበት የነበረውን መንገድ ጠርጎ ወረደ። ቢሙርዛ ወደ እኔ አየ፤ ዳቦውን አልጨረሰም ነበርና ማኘኩን ቀጠለ።

በማግሥቱ ማንንም ሳልጠብቅ በውርጩ ተነሣሁ። የናዳው ፍርስራሽ ሌሊቱን ጠጥሮ አድሯል። አንዱ ማዶ ሳይደርስ ሌላው እንዳይነሣ ተስማምተን፣ ቢሙርዛ ቀደመ፤ ናዚብሮላም እየተንገዳገደች ተከተለች። እስክትደርስ በልቤ እጸልይ ነበር።

ከማዶ ሆና ዞረች፤ ሸለቆው እስኪያስተጋባ ድረስ ጠራችኝ።

«ጆኪያ፣ ና እንጂ፤ ዛሬ ደግሞ ማንን ትጠብቃለህ?»