የሶፍሮኒ ባሕር

«እሱንም ሸፍኚው» አለች የሟች እህት ሳቬታ፣ በአገጯ ወደ ግድግዳው እያመለከተች። «ነፍስ መስተዋት ውስጥ ከገባች መውጫ ታጣለች። ሥዕልም ያው ነው።»

ቬቱሪያ መስተዋቱን እንደሸፈነችው ሁሉ ባሏ የሳለውንም ባሕር በጥቁር ጨርቅ ሸፈነችው። ሶፍሮኒ እግሮቹ በክር ታስረው ሳጥኑ ውስጥ ተጋድሟል። ለቀስተኞቹ ዙሪያውን ተቀምጠው የፕለም ፍሬ አረቄ እየተጎነጩ ያንሾካሹካሉ።

«የሠርጌን ፎቶ የተነሳሁት እሱ ባሕር ፊት ነው» አለ ጎረቤታቸው ዮርዳኬ። «ሚስቴ እስካሁን ጣልያን የሄደች ይመስላታል።»

ሶፍሮኒ ዕድሜውን የጨረሰው ፎቶ ቤት ውስጥ ነው፤ ፎቶ ከሚነሳ ሰው ጀርባ የሚሰቀለው ሸራ ላይ የሰው አገር ሲስል። ያኔ መንግሥት ማንንም ከድንበር አያሳልፍም ነበር። ራት ላይ ሾርባውን እያማሰለ፣ የሳለው ውስጥ ሲዞር እንደዋለ ሁሉ፣ ቬቱሪያን «ዛሬ ከወደቡ በላይ ያለውን ዳገት ወጣሁት። ንፋሱ አይጣል ነው፣ ጉሮሮ ያደርቃል» ይላታል። እሷም «ድንበሩ ሲከፈት ትወስደኛለህ» ትለዋለች።

ድንበሩ ተከፈተ። ሻንጣ ይዘው ባቡር ጣቢያ ደረሱ። ሶፍሮኒ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳም አለ።

«እኔ እንደሳልኩት ባይሆንስ?»

ባቡሩ ጥሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቬቱሪያ ስለ ዳገቱ ጠይቃው አታውቅም። እሱም ማውራቱን ተወው።

ሳቬታ መስኮቱ ላይ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ውሃ አኖረች። «እስከ አርባው ነፍሱ እግሩ የረገጠውን ሁሉ እየዞረች ትሰናበታለች። ሲደክማት ትጠጣ።»

«ምን የረገጠው አለና?» አለ ዮርዳኬ። «ከቤት ፎቶ ቤት፣ ከፎቶ ቤት ቤት። እስከ ቁርስ ትጨርሰዋለች!»

ሰዎቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ቬቱሪያ ግን እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። የባሏ ነፍስ አርባ ቀን ሙሉ በዚያች አንድ ጭቃ መንገድ ስትመላለስ ታየቻት።

ሳጥኑን የሚያነሱት ወንዶች ሲገቡ ሳቬታ ጎንበስ ብላ፣ መንገዱ እንዲቀናው የወንድሟን እግር ክር ፈታች። ቬቱሪያ ያን ጊዜ ተነሥታ ጥቁሩን ጨርቅ ከባሕሩ ላይ ገፈፈችው።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለች ሳቬታ። «ነፍሱ እዚያ ገብታ ትቀራለች!»

«ትቅር።»

ብርጭቆውን ከመስኮቱ አንስታ ከሥዕሉ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ዳገቱ ላይ ንፋስ አለ፣ እትዬ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ጉሮሮ ያደርቃል።»

የውሃ ማሰሮ አምጥታ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችው።