በጥቁር ፕላስተር የተሸፈነው ሰዓት

ሰዓት ጠጋኙ በዓለም ላይ የሚያምነው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ከሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ በየጠዋቱ በገዛ እጁ የሚሞላው ባለ ፔንዱለም ነው። የቴሌቪዥኑን ሰዓት ይንቃል፤ የስልኩንማ ዞር ብሎም አያየው። ይህ ግትርነቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት፣ አባታቸውን ተክቶ ታናሽ እህቱን ሊድር ሲሄድ፣ የእጅ ሰዓቱን ቤት ረስቶ የአውቶቡስ ጣቢያውን ሰዓት አመነ። አዳራሹ ሲደርስ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ ነበር። ሙሽራዋን እጇን ይዞ ያስገባት የአዳራሹ ዘበኛ ነው። ሰፈሩ ለሳምንታት ሳቀበት፤ እህቱ ግን አልሳቀችም። ስልኳን ቀየረች፣ ከተማም ቀየረች፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ከማንም ላለመዋስ ማለ።

ዘንድሮ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ኢሜይል ጻፈችለት። በዚያኑ ቀን ሁለት ገጽ መለሰላት። ዝም አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ደርሶሃል ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ አሁንም ሁለት ገጽ ጻፈ። ዛሬ ጠዋት ሦስተኛው መጣ።

«ሁለቴ ጻፍኩልህ፣ ሁለቴም ዘጋኸኝ። ሐሙስ እናንተ አካባቢ መንገድ አለኝ። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ነይ ካላልከኝ፣ በሌላው መንገድ የሚሄደውን አውቶቡስ ትኬት እቆርጣለሁ። ከእንግዲህም አልጨቀጭቅህም።»

ወዲያው ሦስተኛውን ሁለት ገጽ ላከ። አምስት ሰዓት ላይ ግን «እሺ፣ ዝምታህ ገብቶኛል፤ እስከ ስድስት እጠብቃለሁ» የሚል መጣ። ያኔ መልሶቹ እንዳልደረሷት ገባው። ስልክ ቁጥሯን አያውቅም፤ የሚያገኛት በሱቁ ኮምፒውተር ብቻ ነው። የማይፈልገውን ሰው ጠራ።

የማይፈልገው ሰው የሚስቱ ወንድም ነው። ሰፈሩ «እንጫነው» ይለዋል። ኮምፒውተር ድምፅ አልሰጥ ቢል፣ ማተሚያው ወረቀት ቢበላ፣ መፍትሔው «ሊኑክሱን እንደገና እንጫነው» ነው። የዘመዱን ኮምፒውተር ሁሉ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ቀይሮ ጨርሶ ወደ ጎረቤት የተሻገረ ሰው ነው፤ ማንም እንዳልለመነው ይታወቃል።

እንጫነው ተቀመጠ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተ፣ ጣቶቹን አንቋቋ።

«ኢንተርኔቱ ይሠራል። የይለፍ ቃሉም ልክ ነው። ጋሼ፣ ሁሉም 'ተልኳል' ነው የሚለው።»

«ተልኮ የት ገባ ታዲያ?»

«ለራሴ ልላክና እንይ።» ከኮምፒውተሩ ወደ ራሱ ስልክ «ሙከራ» የሚል መልእክት ላከ። በስልኩ የመልእክት ዝርዝር አናት ላይ አዲስ የመጣ ነገር የለም። የቆሻሻ ማስታወቂያ የሚጣልበትንም ሣጥን አየ፤ የለም። ደገመው፤ የለም። እንጫነው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ጋሼ፣ የሚሻለው እንደገና...»

«እሷን ቃል ከጨረስካት በዚህ ወረንጦ ምላስህን ነው የምይዘው።»

እስካሁን ጥግ ላይ ቁጭ ብላ የሁለቱን ድራማ በነፃ ስታይ የነበረችው ሚስት ተነስታ የወንድሟን ስልክ ነጠቀች። በመፈለጊያው ላይ የባሏን ስም ጻፈች።

«ይኸው ደርሷል» አለች። «ግን የደረሰው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ነው።»

ሁለቱም ተንጋግተው አዩ። እውነት ነው፤ «ሙከራ» የሚለው መልእክት በአሥራ አምስት ዓመት አሮጌ ቀን ተጽፎ፣ ከአራት ሺህ መልእክት ሥር፣ መጨረሻ ላይ ተኝቷል።

«ኮምፒውተሩ ዛሬ ስንት ነው ይላል?» አለ እንጫነው፣ የስክሪኑን ጥግ በዓይኑ እየፈለገ። ሰዓቱ መታየት ያለበት ቦታ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

ሰዓት ጠጋኙ አቀረቀረ። ኮምፒውተሩ ሱቁ በገባ ሰሞን የስክሪኑ ሰዓት ከፔንዱለሙ ጋር አልስማማ ብሎት ነበር። በአንድ ሱቅ ሁለት ዳኛ አልፈልግም ብሎ፣ ከኢንተርኔት ሰዓት የሚወስድበትን አጥፍቶ፣ ቁጥሩንም ሸፍኖ ተገላገለ። ፕላስተሩን ላጠው። ሥሩ ያለው ቀን የሱቁን ኪራይ ከተዋዋለበት ቀን ይቀድማል።

«የውስጥ ባትሪው ሞቷል» አለ እንጫነው። «ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ወደ ተፈጠረበት ቀን ይመለሳል።»

«ማታ ማታ የምነቅለው እኔ ነኝ» አለች ሚስት። «መብረቅ ቢመታስ?»

«ቆይ እስቲ» አለ ሰዓት ጠጋኙ። «ቀኑ ልክ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ በስልክ ጠይቄህ፣ 'እሺ በለውና እለፍ' ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

እንጫነው መፍቻ አነሳ። የኮምፒውተሩን ክዳን ለመፍታት ጎንበስ አለ።

ባትሪዋ ሳንቲም ታክላለች። ሰዓት ጠጋኙ እሷን የመሰለ ባትሪ በመሳቢያው ውስጥ ሁለት መቶ አለው፤ ለሰው ሰዓት ሲቀይር ነው የሚውለው። ማንንም ሳያስጠጋ በወረንጦ አሮጌዋን አወጣ፣ አዲሷን አስገባ። በራሱ እንዲህ የተናደደበትን ቀን አያስታውስም።

«አሁን ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ልክፈተው?»

«ከፔንዱለሙ አይቼ በእጄ እሞላዋለሁ።»

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስት፣ «እህትህን ነው የምትፈልገው ወይስ ፔንዱለምህን?»

«ክፈተው» አለ።

የስክሪኑ ሰዓት ተገላበጠና ለስድስት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ፔንዱለሙን አየ፤ ለስድስት አሥራ አንድ ጉዳይ ይላል። የሚስቱን ስልክ አየ፣ የእንጫነውን አየ። ሁለቱም ከስክሪኑ ጋር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሰዓቱን የሚሞላው ከዚህ ግድግዳ ነው። ዳቦ ቤቱ ለምን ሁልጊዜ ዘግይቶ እንደሚከፍት ገባው፤ አሁን ግን ለእሱ ጊዜ የለም። ሊጽፍ ያሰበውን ሁለት ገጽ ተወው።

«ነይ። ያለፉት መልሶቼ ከታች፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ተቀምጠዋል።»

ላከው። ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ከአምስት ሆነ። እንጫነው ሊናገር አፉን ሲከፍት ሚስቲቱ ተቆጣችው። ስድስት ከሃያ ሲሆን መልሱ ገባ።

«ሦስቱንም አነበብኳቸው። በሠርጌ በመዘግየትህ ይቅርታ የጠየቅከኝ ከሠርጌ ሰባት ዓመት ቀደም ብለህ ነው። በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድመህ ደረስክ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ጣቢያ ጠብቀኝ።»

ሰዓት ጠጋኙ አለቀሰ። አቧራ ገባብኝም አላለ። ሚስቱ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

«ሐሙስ ግን» አለች፣ «በእኔ ስልክ ነው የምትሄደው።»

«እሺ» አለ።