ደጃፍ ጠባቂዋ

በእኛ ሰፈር ልጅ ሲያመው መጀመሪያ የሚያክመው ራሱ ነው። ምች ሲመታን ዳማከሴ አሽተን እንጨምቃለን፤ ሆዳችንን ሲቆርጠን ፌጦ እንውጣለን። እናቶቻችን የሚሰሙት ከዳንን በኋላ ነው፤ ያኔ "ጎበዝ!" ይሉናል። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

ወሰንየለሽ ከሁላችንም ጎበዝ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሰኞ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ኮሶ ታይቶባት ስለነበር ፈተናው ላይ ሆዴ ይረብሸኛል ብላ ፈራች። ጤና ኬላው ክኒን አለው። ግን ክኒኑን የምትሰጠው አማከለች የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ለእሷ "ኮሶ ታየብኝ" ማለት አሳፈራት።

ቅዳሜ እናቷ እትዬ አልጣሽ ወደ ሞላሌ ገበያ ሲሄዱ፣ ለአባቷ የተቀመጠውን ኮሶ አውርዳ ወቀጠች፤ በጥብጣም በባዶ ሆዷ ጠጣች። ለልጅ ስንት እንደሚበቃ፣ ሲበዛም እንደሚገድል የሚያውቁት እናቷ ነበሩ። ጥቂት ቆይታ አስመለሳት።

"የወጣው አይቆጠርም" አለቻት ታናሽ እህቷን እታገኝን። እንደገና በጥብጣ ጠጣች። ይኸኛው አልወጣም።

ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ አይጠየቅም። ቤቱን ዘግቶ ይተኛል፤ የመጣው እንግዳ ከደጅ ይመለሳል። እታገኝ ገና ሕፃን ብትሆንም ይህን ታውቃለች፤ እህቷ "ማንም እንዳይገባ" ስላለቻት ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ረፋዱ ላይ አማከለች ቤት ለቤት ስትዞር መጣች። ክኒኑ በቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

"እትዬ አልጣሽ አሉ?"

"ገበያ ሄዳለች።"

"ወሰንየለሽስ?"

"ኮሶ ጠጥታለች።"

"ውይ! እንግዲያ ትተኛ፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ።"

ተምራ የመጣችው እንኳ ለልማዱ አጎንብሳ ሄደች! አንድ ጊዜ በሩን ገፋ ብታደርገው ምን ነበረበት?

ወሰንየለሽ ውስጥ ሆና ታቃስት ነበር። ኮሶ ሲሠራ እንደሚያም እታገኝ ታውቃለች። በኋላ ማቃሰቱ ቀረ። እታገኝ ተሻላት ብላ ደስ አላት፤ እንዳይቀሰቅሷት ብላም ዶሮዎቹን ከደጅ አባረረች።

እትዬ አልጣሽ ሲመለሱ እታገኝ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም ነበር። ስታያቸው ብድግ አለች።

"እማዬ፣ ወሰንየለሽ ኮሶ ጠጥታ ተኝታለች። ማንንም አላስገባሁም።"

"ጎበዝ የኔ ልጅ" አሏትና ሸክማቸውን አውርደው በሩን ከፈቱ።