መሳቢያው ምን አጠፋ?

የምነግራችሁ ነገር ጠብታ ውሸት የለበትም፤ ከዋሸሁ ይሄ ወደፊት የወጣ መንጋጋዬ እንደወጣ ይቅር! በእኛ ቤት የታች መንጋጋ ከላዩ ቀድሞ ይሄዳል። አያታችን ዝናብ ሲመጣ አፉን ዘግቶ እንኳ ውሃ ያቁር ነበር፤ ወፎች ጠጥተውለታል። ከእሱ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ፣ ታላቅ ወንድሜን ዘሎ ደግሞ ወደ ልጁ መጣ።

ወንድሜ አናጢ ነው። እጁ ወርቅ፣ ጭንቅላቱ ጉቶ። ልጁ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ክፍል ውስጥ «መሳቢያ» ይሏታል፣ ተስቦ እንደቀረ መሳቢያ ማለታቸው ነው። ይሄን ሲሰማ የተቆጣው ማንን መሰላችሁ? እሷኑ!

«እያኮረፍሽ አገጭሽን ስለምታሾዪ ነው!» አለና ከቆዳ ቀበቶና ከእንጨት አገጭ መግፊያ ሠራላት። በቡሎን ይጠብቃል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይታሰርባታል፤ ሾርባ እንኳ በስትሮ ነው የምትመጠው። እንኳን ልጅ፣ በግስ እንዲህ ይታሰራል? ደሜ ፈላ።

ከእናቷ ጋር ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሟ ራጁን አየችና ቀበቶውን በሁለት ጣቷ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥላ አስቀመጠችው።

«ታችኛው ምንም አልሆነም» አለች። «ወደ ኋላ የቀረው የላዩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዘር ይመጣል፤ ጥርስን በምላስ መግፋትም ሊያባብሰው ይችላል። ማኩረፍ ግን መንጋጋ አያወጣም። አሁን አጥንቷ ገና እያደገ ነው፤ ግንባርና አገጭ ላይ የሚደገፍ ጭንብል አድርገን የላዩን በላስቲክ ወደፊት እንስበዋለን። ካደገች በኋላ ግን ጥርሷ ብረት ታስሮ፣ አጥንቷ የሚቆረጥበት ኦፕራሲዮን ሊሆን ይችላል። አትቆዩ።»

ወንድሜ ሲሰማ ሳቀብን። «አንተና አባባ ሐኪም አላያችሁም፤ ምን ሆናችሁ?»

«ሥጋ በጎን ጥርሴ ስቦጫጭቅ አታየኝም?»

«ዝም በል፣ አንተ ቀልደኛ! የወጣ ነገር ይገፋል። አናጢው እኔ ነኝ!»

አናጢ ነህ? ቆይ ብቻ!

አንድ ቁም ሳጥን ጨርሶ ባለቤቱን እየጠበቀ ነበር። ምሳ ሲሄድ መሳቢያውን አወጣሁና ከሳጥኑ ጀርባ በውስጥ በኩል ሌላ ሳንቃ መታሁበት። ተመልሶ መሳቢያውን ቢገፋው ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ቀረ። ገፋ። በጉልበቱ ገፋ። ልጅቱ ቀበቶዋን እንደታሰረች ጥግ ተቀምጣ ታየዋለች።

መላጊያውን አነሳሁ። «ጋሼ፣ መሳቢያውን ልላገው? የወጣ ነገር...»

«እጅህን ሰብስብ!» ብሎ ጮኸ። «መሳቢያው ምን አጠፋ? ልኩ ነው! ያጠረው ሳጥኑ ነው!»

«የልጅህስ?» አልኩት።

ሄዶ ፊቷ ተንበረከከና ቡሎኑን ፈታ። እንባው አገጯ ላይ ጠብ አለ። ልጅቱ አገጯን አሻሸችና አባቷን አየችው።

«አላኮረፍኩም ነበር» አለችው። «አሁን ግን አኩርፌያለሁ።»

ይኸው ማታ ማታ ጭንብሏን አድርጋ ትተኛለች፤ የላይ ጥርሶቿም የታቾቹን እየደረሱባቸው ነው።

እሺ፣ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ወፎቹን አይደለም፣ እነሱ እውነት ናቸው። ወንድሜ አላለቀሰም። ቡሎኑን ፈታና ወደ እኔ ዞሮ «ሳንቃውን የመታኸው አንተ ነህ፤ ንቀል» ነው ያለኝ። ለእሷ አንድ ቃል አልወጣውም፣ እስከ ዛሬም አልወጣውም። እንባውን የጨመርኩለት እኔ ነኝ፤ እሱ ካላፈሰሰላት ማን ያፍስስላት?